መያዣ የማይጠየቅበት ብድርና የአገና ቤተሰብ ሒሳብ

በጉራጌ ዞን የእዣ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው አገና የመስከረም ገበያ እንደሌላው ወር ገበያ አይደለም። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ ሱቁን ዘግቶ ለመስቀል አገሩ የሚገባው ነጋዴ ዓመት ሙሉ የቋጠረውን በአንድ ሳምንት ይፈታዋል። የሰንጋው ዋጋ ይሰቀላል፣ ቅቤ ይወደዳል፣ ቆጮና አይብ ተፈላጊ ይሆናሉ። ለገበያው ሰው ይህ የታወቀ ነውና አናስረዝመውም። የዛሬው ጉዳያችን ከመስቀሉ በኋላ ስለሚመጣውና በሸቀጥ ዝርዝር ውስጥ ስለማይገባው ወጪ ነው፤ ልጅን ዩኒቨርሲቲ ስለ መላክ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ የሚጠሩት ብዙውን ጊዜ ከመስቀል በኋላ ባሉት ወራት ነው። በዚያን ጊዜ የቤተሰቡ ጥሬ ገንዘብ በበሬው ላይ አልቋል። የቀረው ሀብት ቆሞ ያለ ሀብት ነው፤ ጓሮ ያለው እንሰት፣ ዳገት ላይ ያለው ባሕር ዛፍ፣ ማሳ ውስጥ ያለው ጫት፣ በረት ያለችው ላም። ቤተሰቡ ሀብት አለው፣ እጅ ላይ ያለ ገንዘብ ግን የለውም። ባሕር ዛፍ ለአጠና ቢደርስም ለቋሚ እንዲሆን ጥቂት ዓመት መታገሥ ይፈልጋል፤ እንሰትም ቢሆን ሳይደርስ ቢፋቅ ትርፉ ድካም ነው። ደላላው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ልጅ ለመሸኘት የቸኮለ ሻጭ የሚያገኘው ዋጋ ካልቸኮለው ሻጭ ያነሰ ነው። ይህ የዋጋ ልዩነት ከከፍተኛ ትምህርት ወጪ አንዱ ክፍል ነው፤ በማንም የበጀት ሰነድ ላይ ግን አይጻፍም።

ከፍተኛ ትምህርት ነፃ ይሁን ወይስ ተጠቃሚው ይክፈል የሚለው ክርክር በአገራችን አሁን አሁን እንደገና ተነሥቷል። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ባልተጣራ ሒሳብ ላይ ነው። "መንግሥት በነፃ ያስተምራል" የሚለው ወገንም፣ "ተማሪው በዕዳ ሊዘፈቅ ነው" የሚለው ወገንም የውሉን አንቀጽ አገላብጦ ያየ አይመስልም። ለነጋዴ አንባቢ ደግሞ ውል ሳያነቡ መከራከር ነውር ነው።

ነፃው ዘመን

በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ጥያቄው የክፍያ አልነበረም፤ የሚማር ሰው የማግኘት ነበር። መንግሥት ለመሥሪያ ቤቶቹ የተማረ ሰው ይፈልግ ስለነበር ወጪውን ሁሉ ራሱ ተሸከመ። ያም ሆኖ ነፃ ነበር ማለት ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ መሠረት ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማስተማር፣ ማገልገል ነበረበት። ከዚያም በ1967 ዓ.ም. የእድገት በሕብረት ዘመቻ መጣ። ገንዘብ አልተጠየቀም እንጂ በላብና በጊዜ ተከፍሏል።

የፖሊሲው መዞር የመጣው በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ቅድሚያ እስከ 10ኛ ክፍል ላለው ትምህርት እንዲሆን፣ ከዚያ በላይ ባለው ደረጃ ደግሞ ወጪ የመጋራት አሠራር እንዲሰፋ አለ። ነገሩ ለዘጠኝ ዓመታት በወረቀት ላይ ቆየ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 ወጣና በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በደንብ ቁጥር 154/2000 ተተካ። እንግዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በቀን መርሐ ግብር የሚማር ሰው በነፃ መማሩ ካበቃ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወላጅ በየዓመቱ በእጁ የሚቆጥረው ገንዘብ ስለሌለ ብቻ ነፃ ይመስለዋል።

ውሉ ምን ይላል

ደንቡ በአጭሩ የሚለው ይህን ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይሸከማል። ዛሬ ካልከፈለ ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይከፍላል። አሠሪው ከደመወዙ ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባል። በመምህርነት የሠለጠነ ሰው በሠለጠነበት ዘመን ልክ ካገለገለ በገንዘብ መክፈሉ ይቀርለታል። የ1957ቱ የአገልግሎት ሐሳብ በሌላ መልክ መመለሱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቀን ለምግብ የተመደበው ሒሳብ 15 ብር ከነበረበት ወደ 22 ብር ከፍ ብሎ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ሆነ። በ22 ብር ሦስት ጊዜ መመገብ ከምግብ አሠራር ይልቅ ከምትሐት የሚቆጠር ስለነበረ ጭማሪው ተገቢ ነው። ነገር ግን የምግቡ ወጪ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ነው በሚለው ደንብ ከሄድን፣ ሳህኑ ላይ የተጨመረው ብር ውሉ ላይም ይጨመራል።

የትምህርት ዘመኑን 300 ቀን ብለን እንያዘው። በ22 ብር ሒሳብ የአንድ ዓመት ምግብ 6,600 ብር፣ የአራት ዓመት 26,400 ብር ነበር። በ100 ብር ሒሳብ ግን የአንድ ዓመቱ 30,000 ብር፣ የአራት ዓመቱ 120,000 ብር ይመጣል። መኝታውና የትምህርቱ 15 በመቶ ገና አልገቡበትም።

ከፋዩ ምን ያህል ያገኛል? በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ 6,940 ብር ነበር፤ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ 11,500 ብር ሆኗል። በቀድሞው ደመወዝ 10 በመቶው 694 ብር ስለሆነ የቀድሞው የምግብ ዕዳ በ38 ወር፣ ማለትም ከሦስት ዓመት በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ያልቅ ነበር። በአዲሱ ደመወዝ 10 በመቶው 1,150 ብር ነው፤ አዲሱ የምግብ ዕዳ በዚህ ከተከፈለ 104 ወር፣ ስምንት ዓመት ከስምንት ወር ይፈጃል። ይህ ቅናሽ የሚመጣው ከገቢ ግብርና ከ7 በመቶው የጡረታ መዋጮ በላይ ነው። ደመወዙ አደገ ተባለ፤ ዕዳው ግን ከደመወዙ ፈጥኖ አደገ።

እዚህ ላይ ብንቆም ተማሪው ተጎዳ ብለን እንደመድም ነበር። ግን የዕዳውን ጠባይም ማየት ያስፈልጋል።

የአገሩ ርካሽ ብድር

በተግባር ተመራቂው የሚከፍለው በውሉ ላይ የተጻፈውን ብር ነው። ብሩ ደግሞ ባለበት አይቆምም፤ ዋጋው ይወርዳል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ብር ምን ያህል እንደወረደ ማንም አስመጪ አይረሳውም። ለወደፊቱ ግሽበቱ በዓመት 15 በመቶ ብቻ ይሆናል ብለን ብናስብ እንኳ ከስምንት ዓመት በኋላ የሚከፈል 1,000 ብር በዛሬ ዋጋ 327 ብር ገደማ ነው። በ1998 ዓ.ም. ተመርቆ ዕዳውን ሳይከፍል የቆየ ሰው ዛሬ ሄዶ ቢከፍል የሚከፍለው ገንዘብ የያኔውን ትምህርት ቀርቶ ለአገልግሎቱ የወጣውን ቀለምና ወረቀትም የሚሸፍን አይመስለንም።

ባንክ ገብቶ ያለ መያዣ፣ ያለ ዋስ፣ ሥራ እስኪገኝ በማይጠየቅ ሁኔታ፣ ከገቢ 10 በመቶ ብቻ እየተከፈለ፣ ለ15 ዓመት የሚቆይ ብድር ስጡኝ የሚል ነጋዴ ቢገኝ ምን ይባል ነበር? እንዲህ ያለ ብድር ለባለ ፎቅም አይሰጥም። የአገናው ገበሬ ልጅ ግን ፈርሞ ይወስደዋል።

ባንኮች ለትምህርት የማያበድሩበት ምክንያት ደግነት ስለጎደላቸው አይደለም። ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው ጽሑፍ እንዳመለከተው ቤት ወይም መኪና ሊያዝ ይችላል፤ ሰው ግን በመያዣነት አይያዝም። ባሪያ ፍንገላ በቀረበት ዓለም በሰው ዕውቀት ላይ የሚሰጥ ብድር መያዣ የለውም። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና ሰብልን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ስለዚህ ዛሬ በሕጉ ላሚቱ መያዣ መሆን ትችላለች፤ ልጁ አይችልም። ለዚህ ነው በየትኛውም አገር የትምህርት ብድር መንግሥት ካልገባበት የማይንቀሳቀሰው።

ሱቁ ወይስ ዩኒቨርሲቲው

በአገና ግን ክርክሩ በመንግሥትና በተማሪ መካከል ብቻ አይደለም፤ በአጎትና በአባት መካከልም ነው። አጎት መርካቶ ሱቅ አለው፤ ልጁ መጥቶ ያግዘኝ፣ ሥራ ይልመድ፣ ነገ የራሱን ይከፍታል ይላል። አባት ፈተና ላለፈ ልጅ ሱቅ ምን ይሠራለታል ይላል። ሁለቱም ነጋዴዎች ናቸው፤ የሚለያዩት ትርፉን በሚያሰሉበት ዘመን ነው።

የኢኮኖሚ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመት የሚማረው አንድ ነገር አለ። የአንድ ነገር ወጪ ለዚያ ነገር ሲባል የተተወው ነገር ነው። እንበልና ልጁ በአጎቱ ሱቅ ቢሠራ በወር 5,000 ብር ያገኝ ነበር። አራት ዓመት 48 ወር ነው፤ ድምሩ 240,000 ብር ይመጣል። ይህም ቅድም ያሰላነው የምግብ ዕዳ እጥፍ ነው። በዚህ ላይ በሱቁ የሚገኘው ደንበኛ፣ የዱቤ መተማመን፣ እቁብ ውስጥ የመግባት ዕድል አለ። መንግሥት ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ሰርዞ "ነፃ" ቢለው እንኳ የልጁ ትልቁ ወጪ ባለበት ይቆያል። የነፃ ትምህርት ተከራካሪዎች ይህን ሒሳብ ሲያነሡ ሰምተን አናውቅም።

በሌላው ሚዛን ላይ ዲግሪው የሚከፍተው በር አለ። በአንድ ወቅት በሩ ሰፊ ነበር፤ ተመራቂ ጥቂት፣ መሥሪያ ቤት ብዙ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጣት ይቆጠሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በጉብርዬ መከፈቱ ለአካባቢው ትልቅ ነገር ነበር፤ የቤት ኪራዩ፣ የምግብ ቤቱ፣ የፎቶ ኮፒው፣ የባጃጁ ገበያ ሁሉ ከእሱ ጋር መጥቷል። የተመራቂው ቁጥር ሲበዛ ግን የዲግሪው ዋጋ እንደማንኛውም ሸቀጥ ወረደ። አቅርቦትና ፍላጎት ለካባና ለቆብ አያዳሉም።

ወንበሩ ለማን ደረሰ

የዋጋ ተመኑ ዜሮ የሆነ ዕቃ ሰልፍ ያስከትላል፤ ሰልፉ በገንዘብ ካልተለየ በሌላ ነገር ይለያል። ለዩኒቨርሲቲ መለያው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቁጥር 29,909። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ አለፉ። የሚደንቀው ሌላ ነው። በ2015ም ሆነ በ2016 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ቁጥር ከ1,300 በላይ ነበር።

እነዚያ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የት እንዳሉ ለመገመት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። ቤተ ሙከራና መጽሐፍ የተሟላላቸው የከተማ ትምህርት ቤቶች፣ አዳሪ ትምህርት ቤቶች፣ በክፍያ የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች ያሳልፋሉ። ስለዚህ በአዲስ አበባ ለ12 ዓመት በየወሩ ክፍያ የፈጸመ ወላጅ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መንግሥት ወጪውን ይረከብለታል፤ በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ታጭቆ የተማረው የገጠር ልጅ ግን ደጅ ይቀራል። የእሱ አባት የሚከፍለው ግብርና በስኳርና በሳሙና ላይ የሚከፈለው ቀጥተኛ ያልሆነ ታክስ ለዚያ ወንበር ይውላል። ከፍተኛ ትምህርትን ሙሉ በሙሉ ነፃ ማድረግ ለድሃው ይጠቅማል የሚለው አባባል በዚህ ሁኔታ ተገልብጦ የቆመ ነው። ይህ ዘጋቢ ወጪ መጋራቱ ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለም፤ ገንዘቡ ግን እታች ወዳሉት ትምህርት ቤቶች ቢወርድ ይሻላል ባይ ነው።

የማይከፍለው ማን ነው

የወጪ መጋራቱ ትልቁ ቀዳዳ አሰባሰቡ ላይ ነው። ገንዘቡ የሚቆረጠው በአሠሪ በኩል ስለሆነ የሚያዘው ደመወዝተኛው ነው፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ የወረዳው የግብርና ባለሙያ፣ የባንክ ጸሐፊ። ዲግሪውን ጥሎ መርካቶ ሱቅ የከፈተው ግን አሠሪው ራሱ ነውና ራሱን አይቆርጥም። ወደ ውጭ የወጣውም እንዲሁ። ሥራ ያላገኘው ደግሞ የሚቆረጥ ነገር የለውም፤ ይህኛው በደንቡ መንፈስ ትክክል ነው።

ስለዚህ ትንሽ የሚያገኘው ይከፍላል፣ ብዙ የሚያገኘው ይዘላል። አንባቢዎቻችን መካከል ይህ የሚመለከታቸው እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ ቅር እንዳይላቸው። መንግሥት በእጁ ያለው ዋነኛ ማስገደጃ ወረቀቱ ነው። ተመራቂው በጊዜያዊ ማስረጃ ይሰናበታል፤ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የፈለገ ጊዜ ዕዳውን ማጥራቱን ማሳየት አለበት። ውጭ አገር ለመማር ያሰበ ሰው ይህን ከአውሮፕላን ትኬት በፊት ያስበዋል። ወረቀቱን የማይፈልግ ነጋዴ ግን ምንም አያስቸኩለውም።

ይህ ሁኔታ እንደዚሁ ይቀጥላል ማለት አይደለም። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ከባንክ ሒሳብና ከግብር መዝገብ ጋር መያያዙ ሲሰፋ በ1990ዎቹ የተፈረመ ውልም ቢሆን ባለቤቱን ማግኘት አያቅተውም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ተመሳሳይ አሠራር ስትጀምር የተሳካላት አሰባሰቡን ከመነሻው ለግብር መሥሪያ ቤቷ ስለሰጠች ነው፤ ደመወዝተኛም ሆነ ነጋዴ ግብሩን ሲያሳውቅ የትምህርት ዕዳው አብሮ ይሰላል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1995 የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ አቋቁማ ለማይከፍሉት ስማቸውን ለብድር መረጃ ድርጅቶች እስከ ማስተላለፍ ሄዳለች፤ እዚያ የተማሪ ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ለሱቁ ብድር ሲጠይቅ ይደርስበታል።

የተገላቢጦሹን የምናየው በአሜሪካ ነው። እዚያ የተማሪ ዕዳ ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ተበዳሪ ነው። ፕሬዚዳንት ባይደን ከዕዳው ከፊሉን ለመሰረዝ ያወጡትን ዕቅድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ሽሮታል። የእነሱ ችግር ወለዱና የክፍያው ጣሪያ ማጣት ነው፤ ብዙዎቹ ለዓመታት ከፍለውም ዋናው ገንዘብ አልነካ ይላቸዋል። የእኛ ውል ከዚያ ጋር አይመሳሰልም። የአሜሪካንን ዜና ሰምቶ የወልቂጤ ተማሪ በዕዳ ሊሰጥም ነው ማለት የሌላ ሰው ሕመም መታመም ነው።

የግል ኮሌጅ ገበያ

ለባለሀብት አንባቢ የሚቀረው ጥያቄ በዚህ መሐል ገበያ አለ ወይ የሚለው ነው። ፈተናውን ያላለፈው ከ90 በመቶ በላይ ወጣት ፍላጎት ነው፤ ከከተማ ወላጅና ከውጭ ዘመድ የሚላከው ገንዘብ ደግሞ የመክፈል አቅም ነው። በ1990ዎቹ የግል ኮሌጅ የከፈቱ ሰዎች ይህን አይተው ገብተው አትርፈዋል። አሁን ግን ሁለት ነገር ተለውጧል። አንደኛ፣ ዲግሪ ለመማር የግል ተቋምም ቢሆን የመግቢያ ነጥብ ይጠየቅበታል። ሁለተኛ፣ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ተጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ።

ይህ አኃዝ ለአገና ወላጅ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይናገራል። ባሕር ዛፍ ሸጦ፣ ላም ሸጦ በጥሬ ገንዘብ የገዛው ዕቃ ከስድስት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሆኖ ቢያገኘው በሌላ ዓመት አይገዛም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የግል ተቋማትን እንደ አዲስ ወደ መመዝገብ መግባቱም ለደካሞቹ መጥፎ፣ ለጠንካሮቹ ደግሞ መልካም ዜና ነው። የሚያሳልፍ ኮሌጅ የፈለገውን ያስከፍላል። በመንግሥት በኩል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ለራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች መንገድ ከፍቶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል። በራሱ ፈተና የሚቀበል፣ ከፋይ ተማሪም የሚይዝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለግል ኮሌጆች አዲስ ተፎካካሪ ነው።

እቁቡስ

ከደንቡም ከባንኩም ውጭ ያለው የጉራጌ ገንዘብ መላ ግን ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት በአዲስ አበባ ካለው ነጋዴ ሳንቲም ሰብስቦ ከወልቂጤ ወደ ውስጥ ያሉትን መንገዶች ሲያሠራ የመንግሥት በጀት እስኪመጣ አልጠበቀም፤ በኋላም ትምህርት ቤቶች ወደ መሥራት ሄዷል። ለመስቀል በሬ ዓመቱን ሙሉ የሚያጠራቅም ማኅበር ባለበት አገር፣ ሴቶች የቅቤ እቁብ በሚጥሉበት አገር፣ ለተማሪ መሸኛ የሚሆን እቁብ ማቋቋም ከባድ አይመስልም።

እቁብ ከባንክ የሚሻልበት ነገር ግልጽ ነው። ዳኛው ሰውየውን ያውቀዋል፣ ዋሱ ጎረቤት ነው፣ ዕጣ ያልደረሰው ቢቸግረው ከደረሰው ሰው ቀንሶ ይገዛል። የአንድ ሰፈር ዐሥር ወላጆች ከሐምሌ ጀምረው ቢጥሉ በጥቅምት ለመጓጓዣ፣ ለፍራሽ፣ ለልብስና ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሆነው ገንዘብ ባሕር ዛፉ ሳይደርስ ሳይቆረጥ ይገኛል። ያን ያህል ነው ጥቅሙ። የአራት ዓመት ምግብ ግን በእቁብ አይሸፈንም፤ እቁብ ተራ ያስቀድማል እንጂ ገንዘብ አይፈጥርም። የልጁ ምደባ ጉብርዬ ሳይሆን ጅግጅጋ ወይም ወለጋ ሲሆንም መጓጓዣው ብቻውን የእቁቡን ግማሽ ይበላል።

አሁን ለሚከፍለው

በመጨረሻ ገንዘብ እያለው ልጁ ውል እንዳይፈርም በየዓመቱ አስቀድሞ ሊከፍል ለሚያስብ ወላጅ አንድ ሒሳብ እናሳይ። ደንቡ በቅድሚያ ለሚከፍል 5 በመቶ ቅናሽ ያደርጋል። የአንደኛ ዓመቱን ምግብ 30,000 ብር ብንል ቅናሹ 1,500 ብር ነው፤ ወላጁ 28,500 ብር ያወጣል ማለት ነው። ይህንኑ 28,500 ብር በዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በ7 በመቶ ባንክ ቢያስቀምጠው በአራት ዓመት፣ ከወለዱ ላይ ግብር ተነሥቶለትም፣ ከ36,000 ብር ይበልጣል። ልጁ ተመርቆ 30,000 ብሩን በአንድ ጊዜ ቢከፍል እንኳ ከ6,000 ብር በላይ ይተርፈዋል። በጫት ወይም በእህል ንግድ ላይ ያዋለው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያገኝበታል። ቅናሹን የሚወስድ ሰው ዕዳ የሚከብደው ወይም ልጁ እንደተመረቀ በወሩ ውጭ ለመላክ ያሰበ መሆን አለበት። ለቀሩት ቅጹን አንብቦ፣ በየዓመቱ የተመዘገበውን ብር ቅጂውን ተቀብሎ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ከዓመታት በኋላ በሬጅስትራር መስኮት ላይ ክርክር የሚነሣው በዚያ ቁጥር ነውና።